ስትሪፕ፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ወይስ ላብራቶሪ? የስኳርና የዋርፋሪን መለኪያ አመራረጥ

አንድ ሰው ስኳር እንዳለበት ሲታወቅ ወዳጅ ዘመድ ቶሎ የሚጠይቀው "ማሽን ገዛህ ወይ?" ብሎ ነው። ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለ ደግሞ ሳይጠየቅም ይልካል። ደግ ነው። ግን የማሽኑ ዓይነት ላይ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። የሚወጣው ቁጥር ምን ያስደርጋችኋል? ማሽኑ የሚበላውን ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካውን ቀጭን ቁራጭ) ወይም ሴንሰሩንስ ዓመቱን ሙሉ ከየት ታገኛላችሁ? እነዚህ ካልተመለሱ የቱም ውድ መለኪያ ከጥቂት ወራት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

እዚህ የማነጻጽረው የሁለት ሕመምተኞችን ክትትል ነው። አንዱ ስኳሩን የሚከታተል ሰው ነው። ሌላው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ነው። ሁለቱም ቤታቸው ሊጠቀሙበት የሚችሉት መሣሪያ ባዮሴንሰር ይባላል። ከሕያው ነገር የተገኘ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ኢንዛይም፣ ደም ውስጥ የምንፈልገውን ነገር ለይቶ ያገኛል። መሣሪያው ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ ቁጥር ያወጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አገናኝቶ ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ መለካት እንደሚቻል ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

የጣት መለኪያ

በየመድኃኒት ቤቱ የምናየው ይኼ ነው። ስትሪፑ ጫፍ ላይ ኢንዛይም ደርቆ ተቀምጧል። የደም ጠብታዋ ስትነካው ራሷ ተስባ ትገባለች። ኢንዛይሙ ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ማሽኑ ያንን ፍሰት ይለካል፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቁጥሩ ይወጣል። እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው ስትሪፑ ነው። ማሽኑ አንባቢ ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ወይም ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕ ጥሩ ማሽን ላይ ቢገባም የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ዱባይ ወይም ሪያድ በበጋ መኪና ውስጥ ስትሪፕ ትታችሁ ከወረዳችሁ ያንን ብልቃጥ አትመኑት።

ቁጥሩን ምን ያህል ማመን አለብን? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 15197 ይባላል። ከ100 ውጤት 95ቱ ከላብራቶሪው ጋር ያላቸው ልዩነት ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ስኳሩ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከ15 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። በሌላ አነጋገር ማሽኑ 200 ካለ ትክክለኛው 175ም 225ም ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ግን አልተበላሸም። ጠዋት 148 ከዚያ ወዲያው 162 ስላወጣ "ይኼ ማሽን ይዋሻል" ብለው የጣሉ ሰዎች አሉ። አልዋሸም። ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ይህን መስፈርት የሚጠቅስ ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለ እለፉት።

ከማሽኑ ስህተት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን እጃችን ነው። ብርቱካን ወይም ማንጎ ልጣችሁ ሳትታጠቡ ጣታችሁን ብትወጉ፣ ቆዳ ላይ የቀረው የፍሬ ስኳር ከጠብታዋ ጋር ይቀላቀልና ቁጥሩ ከእውነቱ በጣም ይርቃል። በአልኮል መጥረግ ብቻውን አያስተማምንም። በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ውጉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በዚያ የውሸት ቁጥር ተነሥቶ መጠን ቢጨምር አደጋው ቀላል አይደለም።

ለእኛ ሀገር ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የደም ማነስ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ብዙ ማሽኖች ስኳሩን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ መመሪያው ላይ የተጻፈውን የሄማቶክሪት (ደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ) ወሰን እዩ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ኦክስጅን ስለሚነካው፣ አየሩ ሲሳሳ አንዳንዱ ስትሪፕ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚጠቀሙት ይህ ችግር የለባቸውም። ከስትሪፑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ የከፍታው ወሰን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ለምትኖር እናት ማሽን የሚገዛ ልጅ ይህን መስመር ማንበብ አለበት።

አሁን ስለ ስጦታው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ጥሩ ነው፣ ስትሪፑ ግን ሲያልቅ እዚህ ላይገኝ ይችላል። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም። ስለዚህ ምርጫው ከስትሪፑ ይጀምር። አጠገባችሁ ያሉ ሁለት ሦስት መድኃኒት ቤቶች ሄዳችሁ "የየትኛው ማሽን ስትሪፕ ሁሌም አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚሰጣችሁን ማሽን ግዙ። ሌላው ስህተት አገር ቤት ስትሪፕ ለመላክ ብሎ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጥ፣ ከሌላ ሰው የተረፈ ስትሪፕ መግዛት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን በግልጽ አስጠንቅቋል። እንዴት እንደተቀመጠ አይታወቅም፣ ቀኑም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የመለኪያ አሃዱንም እዩ። ኢትዮጵያ፣ አሜሪካና እስራኤል ያለው ሰው ስኳሩን በሚሊግራም ይናገራል። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የመጣ ማሽን በሚሊሞል ያሳያል። ማሽኑ ላይ 7 የሚል ያዩ እናት "ስኳሬ ወርዶ አለቀ" ብለው ሊደነግጡ ይችላሉ። በ18 ሲባዛ 126 ነው። ቁጥሩ 3.9 ካለ 70 ማለት ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን የወረደ ስኳር ይባላል።

ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር

አቦት የተባለው ኩባንያ ፍሪስታይል ሊብሬ አውሮፓ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዴክስኮም የተባለው የሌላ ኩባንያ ምርቶችም አሉ። ሊብሬ 14 ቀን ገደማ፣ ዴክስኮም ጂ7 ደግሞ 10 ቀን ይቆያል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ወደ 15 ቀን ደርሰዋል። ክንድ ኋላ ይለጠፋል፣ ቀጭን ክር የመሰለ ሴንሰር ከቆዳ ሥር ይገባል፣ ቁጥሩን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል።

የሚለካው ደም አይደለም። በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ለመድረስ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስድበታል። ስኳራችሁ ሲረጋጋ ልዩነቱ አይታወቅም። ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ግን ሴንሰሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳራችሁ ወርዶ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጣችሁ እንበል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስልኩ ገና 62 ይላል። ደም ውስጥ ግን ወደ 90 ደርሶ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አይቶ ሌላ ብርጭቆ የሚጨምር ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ 250 ላይ ራሱን ያገኘዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጣት ይወጋል። ሴንሰር ቢኖራችሁም የጣት ማሽኑን አትጣሉት የምለው ለዚህ ነው። ሰውነታችሁ የሚላችሁና ስልኩ የሚላችሁ ካልተስማሙም እንደዚሁ።

ታዲያ ለምን ይወደዳል? ለቀስቱ ነው። የጣት ማሽን 85 ሲል ደህና ይመስላል። ሴንሰሩ 85 ብሎ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካሳየ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላብ ሊያጠምቃችሁ እንደሚችል ትረዳላችሁ። ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ በተለይ ሌሊት ስኳሩ ለሚወርድበትና ሳይነቃ ለሚያድር ሰው፣ ይኼ ሕይወት የሚያድን መረጃ ነው። አዳዲሶቹ ሴንሰሮች ስኳር ሲወርድ ይጮኻሉ። የመጀመሪያው ሊብሬ ግን አላርም የለውም፤ ስልክ ወይም አንባቢ ካላስጠጋችሁ ዝም ይላል። ለሕፃን ልጅ የምትገዙ ከሆነ አላርም የሌለውን አትግዙ። ልጅ "ወረደብኝ" ብሎ አይናገርም።

ጉድለቶቹም አሉ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ብዙም አይረጋጋም። በተለጠፈበት ክንድ ላይ ስትተኙ ቦታው ታፍኖ የውሸት ዝቅታ ያሳያል፣ ሌሊቱን በከንቱ ትነቃላችሁ። የሊብሬ ሴንሰር ብዙ ቫይታሚን ሲ ስትወስዱ ከፍ ብሎ ያነባል፤ ጉንፋን ሲይዘን በላይ በላዩ የምንወስደውን ቫይታሚን አስቡ። ላብና ሙቀት ማጣበቂያውን ያላቅቁታል። ስልኩም ጣጣ አለው። አፑ የምትኖሩበት አገር አፕ ስቶር ላይ ላይኖር ይችላል፣ አሮጌ ስልክም ላይቀበል ይችላል። ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት አፑ ስልካችሁ ላይ መጫኑን አረጋግጡ።

የክፍያው ነገር እንደምትኖሩበት አገር ይለያያል። አሜሪካ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ያላችሁ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ይሸፈንላችኋል፤ ቀን ስንት ጊዜ ትወጋላችሁ ተብሎ አይጠየቅም። እንግሊዝ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው አዋቂዎች ሁሉ እንዲሰጥ መመሪያው በ2022 ወጥቷል። እዚያ የምትኖሩና ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ጠይቁ፤ ያልጠየቀ ሰው ሳያውቅ ይቀራል። አገር ቤት ላለ ሰው ግን ከኪስ የሚወጣ ነው። እኔ እዚህ ላይ የምመክረው ግልጽ ነው። ዓመቱን ሙሉ መግዛት ካልተቻለ ሴንሰሩን አልፎ አልፎ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ተጠቀሙበት። የኢንሱሊን መጠን ሲቀየር፣ ጾም ሲገባ ወይም ኤዋንሲው (ከታች የምናየው የሦስት ወር ስኳር) አልወርድ ሲል። እንጀራ፣ ፓስታና ሻይ ስኳራችሁን ምን እንደሚያደርጉት በሁለት ሳምንት ታያላችሁ። በቀረው ጊዜ የጣት ማሽን ይበቃል።

ጾምን ካነሣሁ አይቀር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል መጀመር የለበትም። በረመዳን የሚጾምም እንዲሁ። የረመዳን የስኳር መመሪያ ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያስፈታ፣ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ግን መፈታት እንዳለበት ይላል። በጾም ቀን ስትሪፕ መቆጠብ አይገባም።

የሦስት ወሩ ምርመራ

ኤዋንሲ፣ ብዙዎቻችን "የሦስት ወር ስኳር" የምንለው፣ ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ነው። 7 በመቶ ማለት በአማካይ 154 ገደማ፣ 9 በመቶ ማለት 212 ገደማ ነው። ዛሬ ምን ልብላ ወይም ስንት ልውጋ ለሚለው አይመልስም። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ ለሚለው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ከፍ እና ዝቅ እያለ የሚዋልል ስኳር ጥሩ አማካይ ሊኖረው እንደሚችል አስታውሱ። የደም ማነስ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ መሆን፣ በቅርብ ደም መውሰድ ውጤቱን ያዛባሉ።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ብቻ እየወሰዱ ስኳራቸው ለተረጋጋ ሰዎች ይኼ ምርመራ ከሁሉ ይቀድማል። በየቀኑ ጣታቸውን መውጋት ብዙ እንደማይጨምርላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ገንዘቡን ለኤዋንሲና ለዓይንና ለእግር ምርመራ ቢያውሉት ይሻላል። ከቀጠሮ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ብቻ ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሐኪሙ ከዚያ ብዙ ያነባል።

ስለ ሰዓትና ቀለበት አንድ ቃል። ሳይወጉ፣ ቆዳ ሳይበሱ ስኳር እንለካለን የሚሉ የእጅ ሰዓቶች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አንዱንም እንዳልፈቀደ አስታውቋል። ከሴንሰር የሚመጣውን ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት ሌላ ነው፤ እሱ ችግር የለበትም። ራሱ እለካለሁ የሚለውን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ኢንሱሊን አትውጉበት።

ዋርፋሪን የምትወስዱ

እኛ አገር በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚጀምር የልብ ቫልቭ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ዋርፋሪን ላይ አኑሯል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክትትል የማይፈልጉት አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ይሻሉኛል ብላችሁ በራሳችሁ አትቀይሩ። ለብረት ቫልቭ አይሆኑም። በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የመጣ የቫልቭ ጥበት ላለባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ከአዳዲሶቹ አንዱን ሪቫሮክሳባንን ከነዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶች ጋር አነጻጽሮ፣ በነባሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሞት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

የዋርፋሪን ሥራ የሚለካው አይኤንአር በሚባል፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በሚያሳይ ቁጥር ነው። ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 3፣ ለሚትራል የብረት ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 ይፈለጋል። ዝቅ ካለ ደም ይረጋል፣ ከፍ ካለ ይፈሳል። ላብራቶሪ ከደም ሥር ተቀድቶ ይሠራል። የቤት ወይም የክሊኒክ ማሽኑ ከጣት ጠብታ ይሠራል፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።

የትኛው ይሻላል? ላብራቶሪ አጠገባችሁ ካለና ውጤቱ በዕለቱ ከደረሰ ላብራቶሪው ይበቃል። ከጤና ተቋም ርቃችሁ የምትኖሩ፣ አንድ ምርመራ የአንድ ቀን መንገድ የሚፈልግባችሁ ከሆነ ግን የጣት ማሽኑ ሌላ ነገር ነው። በሳምንት መለካት ይቻላል። ራሳቸው የሚለኩ ሰዎች ላይ የደም መርጋት እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። አሜሪካ የብረት ቫልቭ ላላቸው ሜዲኬር ይሸፍነዋል። ለብቻ ውድ ከሆነ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም የሕመምተኞች ማኅበር አንድ ማሽን ቢኖረው ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ለእኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ አገር ቤት ብዙ ሊለውጥ የሚችለው መሣሪያ ይኼ ነው። ለስኳር ሴንሰር የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ እዚህ ቢውል እመኛለሁ።

አጠቃቀሙ ከስኳሩ ማሽን ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጣት እንደተወጋ በ15 ሰከንድ ውስጥ ጠብታው ስትሪፑ ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ደሙ መርጋት ይጀምራል። ትንሽ ሆና ከቀረች ሁለተኛ ጠብታ አትጨምሩ፤ ስትሪፑን ጥላችሁ በሌላ ጣት እንደገና ጀምሩ። እጃችሁን በሙቅ ውሃ ብታሞቁት ደሙ ይቀልላል። ቁጥሩ ከ4 በላይ ከወጣ መጠን ከመቀየር በፊት በላብራቶሪ አረጋግጡ። ከባድ የደም ማነስ ካለባችሁ ማሽኑ ላይ አትመኩ።

ቁጥሩን የሚያናውጠውን ካላወቃችሁ ማንኛውም ማሽን አይረዳችሁም። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው አይኤንአርን ያወርዳሉ። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን። ጾም ሲገባና ሲፈታ አመጋገብ ስለሚገለበጥ በዚያ ሰሞን አንድ ምርመራ ጨምሩ። ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ቁጥሩን አጥብቀው ከፍ ያደርጉታል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በጣም ያወርደዋል። ዲክሎፌናክና አስፕሪን ደግሞ አይኤንአሩን ብዙም ሳይነኩት ያደማሉ። ማሽኑ 2.6 ብሎ ሳለ ሆዳችሁ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቁጥሩን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሌሎች መድኃኒቶችን፣ እነ ፌኒቶይንን፣ ሊቲየምን፣ ዲጎክሲንን፣ ቤት ውስጥ የሚለካ መሣሪያ ገበያ ላይ ትጠብቁ እንደሆነ፣ ምርምር ላይ ነው እንጂ ለእናንተ ገና አልደረሰም። ለእነሱ ላብራቶሪ ነው።

የአይኤንአር ማሽን ካገኛችሁ መጀመሪያ ይዛችሁት ክትትል ሂዱ። ከደም ሥር በሚቀዳችሁ ሰዓት እዚያው ጣታችሁን ወግታችሁ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከ0.5 በላይ ከተራራቁ ለሐኪሙ አሳዩ። ከተቀራረቡ ግን ቀኑን፣ ሁለቱን ቁጥሮችና የስትሪፑን የምርት ቁጥር ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። የስትሪፑ ሳጥን ሲቀየርም እንዲሁ አድርጉ።